ለካንሰር ታካሚዎቻችን አንድ ክፍልና ጥቂት ምንጣፍ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለካንሰር ታካሚዎች በባለሙያ የሚመራ ቀላል ዮጋና ማይንድፉልነስ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ታላቅ እህቴን ጡት ካንሰር ይዟት ሳስታምም የቆየሁ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ ማሽን አልጠይቃችሁም። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) በሚሰጥባቸው የክልላችን ሆስፒታሎች፣ ከባሕር ዳር ተጀምሮ፣ ለስላሳ ዮጋና የማይንድፉልነስ (ሐሳብን ሰብስቦ የማሳረፍ) ልምምድ ከሕክምናው ጋር አብሮ እንዲሰጥ ነው ልመናዬ።

ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጠው። ሐኪሙና ሲስተሯ በሽተኛውን የሚያዩት በቀጠሮው ቀን ነው። በመሀል ያሉትን ቀናት የሚገፋቸው ታካሚው ከአስታማሚው ጋር ነው። ማቅለሽለሹ አለ። ምግብ ሁሉ ይመርራል። ድካሙ ደግሞ ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ ድካም ነው። እህቴን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግራት ግን የቀጠሮው ዋዜማ ሌሊት ነበር። የደም ምርመራው ወርዶ ቢገኝስ? ዙሩ ቢተላለፍስ? ከአዊ፣ ከምዕራብ ጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር መጥተው እዚህ ቤት ተከራይተው የሚታከሙት ደግሞ ሌላም ሐሳብ አለባቸው። ልጆቹ እንዴት ሆኑ? መንገዱ ይዘጋ ይሆን?

ጠያቂው ሁሉ «አይዞሽ» ይላታል። ደግ ቃል ነው፤ እኔም ስላት ኖሬያለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልቧ ሲመታና እንቅልፍ እምቢ ሲላት ምን ማድረግ እንደምትችል ያስተማራት ግን አልነበረም።

ሊማሩት የሚቻል ነገር እኮ ነው። ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በጭንቅላት መቆም ነው። ለታካሚ የሚሰጠው እንደዚያ አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ትከሻን ማዞር ነው። በቀዶ ሕክምና ጡቷ የወጣላት ሴት ክንዷ እንዳይደርቅ ቀስ እያለች ማንሳት ነው። አየር በአፍንጫ ስቦ፣ ከሳቡበት ጊዜ አስረዝሞ ማስወጣት ነው። አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። ማይንድፉልነስ የሚባለውም የተበተነን ሐሳብ ሰብስቦ እስትንፋስ ላይ ማሳረፍ ነው። ወይም ጋደም ብሎ ከእግር ጣት እስከ ራስ ድረስ ሰውነትን በልቡና ቀስ ብሎ መቃኘት ነው። ፍርሃቱ ቢመጣም ሌሊቱን ሙሉ ይዞ እንዳይከርም ይረዳል።

ይህ ከአየር የመጣ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ1979 እ.ኤ.አ. የማይንድፉልነስ ሥልጠና ሲጀምሩ የመጡላቸው ሕመማቸው አልሻር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው እንቅልፍ ያስቸገራቸው 410 ሰዎች ተሳትፈዋል። በሳምንት 2 ጊዜ ለ4 ሳምንት ለስላሳ ዮጋ የሠሩት ካልሠሩት የተሻለ ተኝተዋል፤ የእንቅልፍ መድኃኒት መውሰዳቸውም ቀንሷል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም በሕክምና ላይ ላሉ ሰዎች ጭንቀት ማይንድፉልነስን ይመክራል፤ ዮጋንም በተለይ ለጡት ካንሰር ታካሚዎች።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይነገር። ይህ ልምምድ ካንሰሩን አያጠፋም። የኬሞን፣ የቀዶ ሕክምናን፣ የጨረርን ቦታ አይተካም። «መድኃኒቱን ተውትና በዚህ ትድናላችሁ» የሚል ሰው ነፍስ ያጠፋል። በሆስፒታል ውስጥ ይሁን የምለውም ለዚሁ ነው። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ የገባበት ሰው ጎንበስና ጠምዘዝ ሲል አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የወረደ ሰው ቢወድቅ ይደማል። ክንዷ ያበጠ ሴት እንቅስቃሴዋ ሊመጠን ይገባል። ነጭ የደም ሴሉ በወረደባቸው ቀናት ደግሞ ታካሚው ሰው የተሰበሰበበት ክፍል ባይገባ ይሻላል። ይህን የሚያውቀው የሕክምና ካርዱን ያየ ባለሙያ ብቻ ነው።

«መድኃኒት በጠፋበት አገር ምን ዮጋ አመጣው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው። መድኃኒት ይቅደም። ከመድኃኒቱ በጀት ላይ አንድ ብር እንዲነሳም አልፈልግም። ፊዚዮቴራፒስቶች (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክሙ ባለሙያዎች) አሉን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው። የሚጎድለው የሚያገናኛቸው ነው፤ ያ ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው።

ከእምነቴ ይጋጭ ይሆን ብሎ የሚሰጋም ስላለ ዝማሬም ሆነ የሌላ እምነት ሥርዓት አይግባበት። ጠበል የሚጠጣውም ሶላት የሚሰግደውም እንደ እምነቱ ይጸልይ።

መድኃኒቱ በክንድ እየገባ ሰዓታት የሚቆጠሩበት ክፍል ለመጀመር ጥሩ ቦታ ነው። ታካሚው የትም አይሄድም፤ 10 ደቂቃ እስትንፋስ መለማመድ ይችላል። አቅም ያላቸውና ሐኪም የፈቀደላቸው ደግሞ ጠዋት ማልደው ጣና ዳር ጥላ ሥር ቢለማመዱ እንዴት ደስ ይል ነበር። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርጉ ግን ፀሐይዋ ሳትበረታ ቢመለሱ ይሻላል። ወደ ገጠር የሚመለሱት እንዳይረሱት መመሪያው በአማርኛ በድምፅ ይቀዳላቸው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ። በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይዛወራል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

እባካችሁ አስታማሚዎችንም አትርሱ። በሽተኛው ፊት ስቀን ኮሪደር ወጥተን የምናለቅሰው እኛ ነን። አስታማሚው ከታካሚው አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ቢማር ሌሊት እቤት የሚያስታውሰው እሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው መድቡልን። ከካንሰር ሐኪሞች፣ ከነርሶችና ከፊዚዮቴራፒስቶች ጋር ተቀምጦ ለማን እንደሚፈቀድና ለማን እንደማይፈቀድ በጽሑፍ ያውጣ። ከዚያ በአንድ ሆስፒታል ይጀመር። ታካሚዎቹ ከመጀመራቸው በፊትና ከወራት በኋላ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ጭንቀታቸው ይጠየቁ። ካልጠቀመ ይቅር፤ ከጠቀመ ወደ ሌሎቹ ይዳረስ። እኛም ታካሚዎችና አስታማሚዎች ሐሳባችንን የምንነግራችሁ ቀን ከሰጣችሁን ቢሮአችሁ ድረስ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አስታማሚ፣ ባሕር ዳር