የሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ «ደግሞ ምን ተናደ?»

«ሚኒ ሚዲያ ዘፈን ከመልቀቅ ሌላ ምን ይሠራል?» የምትሉ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ይህችን ገጽ ሳትዘሉ አንብቡልኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ተሰበሰብን፣ ተረኛ መደብን፣ በረፍት ሰዓት ዜና አነበብን። እሱን ልለፈው።

ክበቡን የቀሰቀሰው የአንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። ሰኔ 2015 ግሪክ አጠገብ ከ700 በላይ ስደተኞች ጭናለች የተባለች ጀልባ ሰጠመች። የተረፉት 104 ናቸው። በ4ኛው ቀን ታይታኒክን ሊያዩ የወረዱ 5 ሰዎች የያዘችው «ታይታን» የተባለች ትንሽ ሰርጓጅ ጠፋች። ዓለም ያወራው ስለ አምስቱ ነው። ለምን?

«ሀብታም ስለሆኑ!» አሉ ባንድ ድምፅ። ግማሽ መልስ ነው አልኳቸው። አምስቱ ስምና ፎቶ ነበራቸው። ኦክስጅኑ ለ4 ቀን ይበቃል ስለተባለ ሰው ሁሉ ሰዓት እየቆጠረ ይጠብቅ ነበር። የጀልባዋን ተሳፋሪዎች ግን በስም የመዘገበ አልነበረም።

«የኛስ ቆሼ?» አለች አንዷ። የሰፈሩ ልጅ ናት። መጋቢት 2፣ 2009 ቅዳሜ ማታ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ያኔ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ካሜራው ሁሉ እዚያ ከረመ። ከዚያ እልም አለ።

በ8ኛ ዓመቱ፣ በ2017፣ ወደ ቆሼ በእግራችን ሄድን። ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ስልክና ደብተር ይዘን ሲያዩ ክው አሉ። «ደግሞ ምን ተናደ?» አሉን።

ልጅቷ መቅጃውን አጠፋች። በርጩማ ስባ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሲኒዬን ይዤ ዞር አልኩ፤ ተማሪ ፊት ማልቀስ አልወድም።

በ2016 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን ስለደረሰው የመሬት ናዳ ያሰብነው ዝግጅት ግን ከሸፈ። ለስልክ ካርድ እንኳ ገንዘብ አልነበረንም። ሩቅ ያለ አደጋ ለምን እንደማይዘገብ በራሳችን አየነው። በጀት ሲደለደል እኛ ጋ ሲደርስ ሁሌም «በሚቀጥለው» ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ይስማኝ፤ የምንለምነው አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ማይክ ነው።

የቆሼውን ጽሑፏን በረፍት ሰዓት ስታነብ ግቢው ጸጥ አለ። መሀል ላይ ያ አሮጌ አምፕሊፋየር ጨሰና ዝም አለ። እሷ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆማ በባዶ ድምጿ ጨረሰችው። ከኋላ የነበሩት 9ኛዎች «መምህር፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» እያሉ እስካሁን ይጠይቁኛል።