ግልጽ ደብዳቤ ለአውሮፓ ኅብረት የኃይል ኮሚሽነር፦ ሻጩ ተቀየረ፣ ቫልቩስ?

ለ፦ ክቡር ዳን ዮርገንሰን፣ የአውሮፓ ኮሚሽን የኃይልና የቤቶች ጉዳይ ኮሚሽነር
ብራስልስ

ጉዳዩ፦ የጋዝና የኒውክሌር ነዳጅ ጥገኝነት የሚቆጠርበትን ዘዴ ይመለከታል

ክቡር ኮሚሽነር፣

በ2021 ኅብረቱ ከውጭ ካስገባው ጋዝ 45 በመቶ ያህሉ የሩሲያ ነበር። አሁን ሕግ ወጥቶለታል። በረጅም ጊዜ ውል የሚመጣው የሩሲያ ፈሳሽ ጋዝ (በቅዝቃዜ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ የሚጫነው የተፈጥሮ ጋዝ) ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ይታገዳል፤ የቧንቧውም በዚያው ዓመት መጸው ላይ ይከተላል። በሕጉ ላይ ጠብ የለንም። ቅሬታችን መሥሪያ ቤትዎ ጥገኝነትን በሻጭ አገር ስም ብቻ መቁጠሩ ላይ ነው።

ጁን 2022ን ያስታውሱ። ለጥገና ካናዳ የሄደ አንድ ተርባይን በማዕቀብ ምክንያት አልተመለሰም ተብሎ ከሩሲያ ወደ ጀርመን ጋዝ ይወስድ የነበረው የኖርድ ስትሪም 1 ቧንቧ ፍሰት ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ በጁላይ ወደ 20፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ወደ ዜሮ። ሰበብ ነበር የሚሉት እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። ነገር ግን በዚያው ጁን ወር፣ በ8ኛው ቀን፣ ቴክሳስ የሚገኘው የፍሪፖርት ፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ ፈነዳ። የአንድ ቧንቧ ክፍል ከሁለት በኩል ተዘግቶ፣ ግፊቱን ማስተንፈስ የነበረበት ቫልቭም ከመስመር ውጭ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ162 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚቀመጥ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ይተናል፤ ሲተን መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ይሰፋል፤ ያን የሚችል ቧንቧ የለም። የአሜሪካ የፈሳሽ ጋዝ ኤክስፖርት አቅም አንድ አምስተኛ ገደማ ቆመ፣ ዳግም መርከብ መጫን የተጀመረውም በፌብሩዋሪ 2023 ነው። አንዱ ባላንጣ ነው፣ ሌላው ወዳጅ። ምድጃው ላይ የደረሰው ግን ያው የጋዝ እጥረት ነው።

ኅብረቱ ለዚህ መለኪያ አለው፤ በ2017ቱ የጋዝ አቅርቦት ደንብ ያለው «ኤን ሲቀነስ አንድ» የሚባለው ቀመር። ትልቁ መሠረተ ልማት ቢቋረጥ በከፍተኛ ብርድ ቀን የሚፈለገው ጋዝ ይገኛል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጉድለቱ የሚቆጥረው በአገሩ ወይም በአካባቢው ያለውን መሠረተ ልማት ብቻ መሆኑ ነው። ውቅያኖስ ማዶ ያለው ማምረቻ አይገባበትም። በ2024 ኅብረቱ ከገዛው ፈሳሽ ጋዝ 45 በመቶ ያህሉ የአሜሪካ ስለነበር፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ማምረቻዎች፣ ከነአውሎ ነፋሳቸው፣ በቀመሩ እንዲካተቱ እንጠይቃለን።

በጁላይ 2025 ከዋሽንግተን ጋር የተገባው የ750 ቢሊዮን ዶላር የኃይል ግዢ ቃልም ከዚህ ጋር ይታያል። በሦስት ዓመት የሚፈጸም ስለሆነ በዓመት 250 ቢሊዮን ማለት ነው፤ ኅብረቱ በ2024 ከዓለም ሁሉ የገዛው ኃይል በጠቅላላ 375 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ኮሚሽኑም ራሱ ጋዝ አይገዛም፤ ገዢዎቹ ኩባንያዎች ናቸው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ በ2022 ተጨንቃችሁ ነበር፣ ዛሬ ግን ለመምረጥ ጊዜ አላችሁ።

ስለ ማከማቻዎች ረዘም አድርገን እንጻፍ፤ በብዛት የሚሳሳቱበት እዚህ ነውና። «90 በመቶ ሞልቷል» ሲባል የሚለካው የጋዙ መጠን ነው። ቤት የሚያሞቀው ግን በቀን ምን ያህል ይወጣል የሚለው ነው፣ እሱም በግፊት ይወሰናል። ማከማቻው ሙሉ ሲሆን ጋዙ ራሱ ይገፋል። ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ግፊቱ ስለሚደክም በቀን የሚወጣው በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ መጨረሻ የሚመጣ ብርድ ከዲሴምበር ብርድ የከፋ ነው። ዓይነቱም ይለያያል። የጨው ዋሻ በዓመት ደጋግሞ ይሞላል፣ ይራገፋል። እንደ ጀርመኑ ሬደን ያለ፣ ጋዙ ተሟጦ በወጣበት ድንጋይ ውስጥ የተሠራ ማከማቻ ግን ለመሙላት ወራት ይፈልጋል። በ2021 መጸው ሬደን ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያኔ በሩሲያው የመንግሥት ጋዝ ኩባንያ በጋዝፕሮም እጅ ነበር።

ማከማቻዎች ከክረምት በፊት 90 በመቶ እንዲሞሉ የሚያዘው የኅብረቱ ግዴታ ደግሞ የራሱን ችግር ወለደ። አውሮፓ በበጋ የግድ እንደምትገዛ ነጋዴ ሁሉ ስላወቀ፣ በ2025 መጀመሪያ የበጋው ዋጋ ከመጪው ክረምት ዋጋ በላይ ወጣ። በውድ ገዝቶ በርካሽ ለመሸጥ ጋዝ የሚያስቀምጥ የለም። ግዴታውን ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 1 ባለው በማንኛውም ቀን መፈጸም ይቻላል ብላችሁ ማላላታችሁ ጥሩ ነው። የሚጎድለው ሁለተኛ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ አገር በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ቀን በቀን ስንት ጋዝ ማውጣት መቻል አለበት የሚለው። «ኤን ሲቀነስ አንድ» ቀመሩ ማከማቻ 30 በመቶ ሲሆን ያለውን አቅም እንዲሰላ አስቀድሞ ያዛል። ስሌቱ አለ፣ ግዴታ አልሆነም እንጂ።

ዋጋው የሚደርሰው ኮሎኝ ወይም ሚላኖ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ ከሚሠራበት ከአሞንያ የማምረቻ ወጪ ትልቁ ድርሻ ጋዝ ነው። በኦገስት 2022 ለአውሮፓ ጋዝ መለኪያ የሆነው የኔዘርላንድስ ገበያ ዋጋ በሜጋዋት ሰዓት ከ300 ዩሮ ሲያልፍ ብዙ የአውሮፓ ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ ወይም አቆሙ፣ አውሮፓም ማዳበሪያ ፍለጋ ወደ ዓለም ገበያ ወጣች። ዩሪያውን በጅቡቲ በኩል የሚያስገባው የኢትዮጵያ ገበሬ እዚያው ገበያ ላይ ተሰልፎ ነበር።

በመጨረሻ የኒውክሌር ነዳጅ። በቡልጋሪያ፣ ቼክ፣ ፊንላንድ፣ ሀንጋሪና ስሎቫኪያ 19 ያህል የሩሲያ ንድፍ የኒውክሌር ማብላያዎች አሉ። የነዳጅ ጥቅላቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፤ የምዕራቡ አራት ማዕዘን ስለሆነ አይገባም። ትንሹ ሞዴል 349 ጥቅል ይይዛል፣ በእያንዳንዱም 126 ዘንግ አለ። ሻጭ መቀየር እንደ ጋዝ መርከብ ማዞር አይደለም። የቼኩ ቴመሊን የኒውክሌር ጣቢያ የምዕራብ ሥሪት ነዳጅ ሲጠቀም ጥቅሎቹ እየተጣመሙ አስቸግረው በ2010 ወደ ሩሲያው ተመልሶ ነበር። ትልቁ ሞዴል የሆነው የቡልጋሪያው ኮዝሎዱይ 5 ማብላያ በ2024 ወደ ምዕራብ ሥሪት ነዳጅ ሲቀይር ከ163ቱ ጥቅሎች አንድ አራተኛ ገደማውን ብቻ ተክቶ ጀመረ፤ ቀሪው በየዓመቱ በነዳጅ መቀየሪያ ወቅት ይተካል። በእነዚህ ዓመታት አሮጌና አዲስ ነዳጅ ጎን ለጎን ስለሚሠራ፣ በሁለቱ ውስጥ የሚያልፈው የውሃ ፍሰት ልዩነት ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መሰላት አለበት።

ስለዚህ የሩሲያን ነዳጅ ለማቆም የምትቆርጡት የመጨረሻ ቀን ለእያንዳንዱ ማብላያ ለየብቻው፣ በነዳጅ መቀየሪያ ዙሩ ተቆጥሮ ይሁን። እስከዚያው ከአንድ ዙር ያላነሰ መጠባበቂያ ነዳጅ በየጣቢያው እንዲኖር ይደንገግ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአውሮፓ በኃይል ዘርፍ የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለአባል አገራት የኃይል ሚኒስትሮች