ስለ 48 ሰዓቱ ቆይታ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

የበየድነውን ሻፍት 48 ሰዓት አቆይተን ስለምንሰጥ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ «ብየዳው ካለቀ ለምን አታስረክቡንም?» የሚል ቅሬታ በርክቶብናል። ወፍጮው ቆሞበት፣ ጀልባው ጣና ዳር ታስሮበት የሚጠብቅ ሰው ቢቆጣ አንፈርድበትም። በር ላይ ቆመን ተናግረን ስለማንጨርሰው ግን ጻፍነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ የወፍጮ ሻፍት በይደን፣ በቶርኖ አስተካክለን፣ ባለቤቱ እያየ መረመርነው፤ እንከን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሳይገጠም፣ ከብየዳው ጎን ተሰንጥቆ አገኘነው። መጀመሪያ በያጁን ወቀስነው፤ ዛሬም ያሳፍረናል። ጥፋቱ ካርቶኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ነበር፤ እሱን እዚያ ያስቀመጥነው ደግሞ እኛው ነን።

የኤሌክትሮድ ሽፋን እርጥበት ይጠጣል። በዚህ ከተማ ክረምት ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ሲቋጥር የምታዩ ሰዎች ይህ አይገርማችሁም። እርጥበቱ በብየዳው እሳት ሲበተን ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ ይወጣዋል፤ አተሙ እጅግ ትንሽ ነውና በቀለጠው ብረት ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ብረቱ ቀዝቅዞም ጉዞውን አያቆምም፤ ቀስ እያለ ወደተወጠረው ቦታ ሄዶ ይጠራቀማል። ስንጥቁ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ዘግይቶ የሚመጣው ለዚህ ነው።

የበርና የመስኮት ብረት ለስላሳ ስለሆነ ይህን ይችለዋል፤ እሱን በዕለቱ እናስረክባለን። የሚጎዳው «ጠንካራ» ተብሎ በውድ የተገዛው ነው። ሃይድሮጅን ጋዝ ለሚሞላባቸው የብረት ሲሊንደሮች እንኳ እጅግ የጠነከረው ብረት አይመረጥም፤ ጥንካሬው ሆን ተብሎ ይገደባል።

ስለዚህ 7018 የተባለውን፣ ደረቅ ሲሆን ሃይድሮጅን የሚያንሰውን ኤሌክትሮዳችንን በ350 ዲግሪ እናደርቃለን፤ እስኪነሳም በ120 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ይቆያል። ሻፍቱንም ከብየዳ በፊት እናሞቀዋለን፤ ከብየዳው በኋላ በቀስታ እንዲቀዘቅዝ እንሸፍነዋለን። 48 ሰዓት ካለፈው በኋላ ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም ፈትሸን እንሰጣለን። ለማሞቂያው የኤሌክትሪክ ወጪ የተወሰነ ጭማሪ አድርገናል፤ ለቆይታው ግን አናስከፍልም።

ሌላው 12.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ያለው፣ በጣም ጠንካራው ቡሎን ጉዳይ ነው። የጀልባ ባለቤቶች ዝገቱን በአሲድ አጥበን ጋልቫናይዝ እንድናደርግላችሁ (ዚንክ እንድንለብጠው) ትጠይቁናላችሁ፤ አናደርገውም። አሲድ ብረት ሲነካ ሃይድሮጅን ይወልዳል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ጆንሰን አሲድ ውስጥ የገባ ብረት እንደሚሰባበር፣ ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ጥንካሬው እንደሚመለስለት የጻፈው በ1875 እ.ኤ.አ. ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ አዲሱ ድልድይ ላይ ከተወጠሩ 96 ጋልቫናይዝድ የብረት ዘንጎች 32ቱ በቀናት ውስጥ ተሰብረዋል፤ ምክንያቱ ይኸው ሃይድሮጅን ነበር። እነዚያን ዘንጎች የሠሩት ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለጀልባችሁ ከ12.9 ለስለስ ያለ ግን ወፈር ያለ 8.8 ጋልቫናይዝድ ቡሎን የሚበቃ መሆኑን ለክተን እንነግራችኋለን።

ባሌስትራም (የመኪና ሞላ) ከጠንካራው ብረት ስለሆነ አንበይድም፤ በልመናም ቢሆን። ሻፍት ስታመጡ ከምን እንደተፈታና ከዚህ በፊት ተበይዶ እንደሆነ ንገሩን። አቧራውንና ግራሱን ሳትጠርጉ ብታመጡት ይሻላል፤ አሮጌው ስንጥቅ ከየት እንደጀመረ የምናየው በዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የብረታ ብረት ሥራ ቤታችሁ