ስለ እቴቴ ልንገርሽ

የኔ እህት እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? የዱባይ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ከተጻጻፍን በጣም ቆየን፣ አንቺንም ኑሮ ይዞሻል እኔንም እንደዛው፣ እሱን እንተወውና ወደ ነገሬ ልግባ። የአያቴን የእቴቴን እረፍት ያኔውኑ ከናትሽ ሰምተሽ የላክሽልኝን ድምፅ አዳምጬዋለሁ፣ እያለቀስሽ ስለነበር ግማሹን አልለየሁትም። ያን ሰሞን መልስ የምሰጥበት አቅም አልነበረኝም፣ አሁን ግን ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ነው፣ ምክንያቱም እሷን እንደኔ የሚያውቃት ሰው ካንቺ ሌላ የለም።

ያረፈችው ሐምሌ 19 ቅዳሜ፣ በገብርኤል ዕለት ነው። እንደልማዷ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ተነስታ ጸሎቷን አደረሰች፣ ከዛ ትንሽ ጋደም ልበል አለች፣ በቃ። "አልጋ ላይ ሳታውለኝ ውሰደኝ" እያለች ትለምን አልነበር፣ ልመናዋን ሰማት። እሁድ ቀበርናት። አባትሽ በዛ በሚያማቸው እግር እስከ ቤተክርስቲያኑ በር መጥተው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጪ ቆመው ጠበቁ፣ ወንበር ብናወጣላቸውም እምቢ አሉ።

አንቺ የምታውቂያት ካረጀች በኋላ ነው። ከመንዝ በሙሽርነት ስትመጣ ጅማ የከፋ ዋና ከተማ ነበረች፣ አያቴ ቶሎ ሞተና ልጆቿን ያሳደገችው በቡና ለቀማ ነው። መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተደርድረው ቁጭ ይላሉ፣ ቡናው ፊታቸው ይፈሳል፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ድንጋዩን እየለዩ ሲያወጡ ይውላሉ፣ የጣቶቿ ጫፍ እስከመጨረሻው ሻካራ የነበረው ለዛ ነው። ፊደል የቆጠረችው ደሞ በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ነው፣ ከመጋዘን ወጥታ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደች። ደርግ ባስተማራት ፊደል የመጀመሪያ ያነበበችው ዳዊት ነው! ያ ዳዊቷ አሁን እኔ ጋ ነው፣ ገጹ ሁሉ የጧፍ ጠብታ አለበት፣ አንዳንዱ ገጽ ከታች ጥግ ላይ ከጣቷ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

ሰው ስለሷ ሲያወራ ደግነቷን ብቻ ነው የሚያወራው፣ ልክ ነው ግን እኔ አይበቃኝም። እቴቴ እኮ ጥብቅ ሰው ነበረች። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት አንድ ማማሰያ ከነካቸው ቤቱ ይታመስ ነበር። እና ያ ጥብቅነቷ ነው ለናንተ ለሙስሊም ጎረቤቶቿም የተረፈው። ትዝ ይልሻል ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተሸፈኑት የናንተ ድስትና ሰማያዊ ከንፈር ያላቸው ሳህኖች? የኛ ስጋ አንድም ቀን ነክቷቸው አያውቅም፣ እኔ አንዴ በዛ ሳህን ልበላ ስል እጄን መታ አድርጋ ነው ያስቀመጠችኝ። ለፋሲካ ዶሮውን አባትሽ ጓሮ ገብተው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል፣ ወጡን የምትሰራው እሷ ናት፣ ግን ስለማትቀምሰው እናትሽ ናቸው ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ጨው የሚቀምሱላት። "አነሰ?" "ትንሽ ጨምሪ እቴቴ።" የራሷንም ሕግ አታላላም የናንተንም አታላላም። በ2003 አሰንዳቦ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ሰው በጊዜ በሩን በሚዘጋበት ሰሞን፣ እናትሽ ጀበናቸውን ይዘው መጥተው እኛ ቤት ነበር የሚያፈሉት፣ አቦል ቶና በረካ ሳይጎድል።

አምና ደሞ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት አልገቡም? እሷ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ስትችል ቁጭ ብላ አዛኑን ትጠብቅ ነበር፣ "ብቻዬን ምን ብዬ ልጉረስ" እያለች። እናትሽ ስጋውን ትተው የምስር ሳምቡሳ ይሰራሉ፣ እኛ ሽሮና ጎመን እናቀርባለን፣ ተምር መሀል ላይ፣ ከዛ አዛን ሲል እሷ አማትባ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው እኩል ይቆርሳሉ። የመጨረሻ ሁዳዴዋ እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም።

አንድ ነገር ግን የግድ እንድታውቂ ፈልጌ ነው። ሌሊት ውዳሴ ማርያሟን ከጨረሰች በኋላ ስም ትጠራ ነበር፣ ልጆቿን፣ እኛን፣ የሞቱትን፣ የታመሙትን፣ እኔ ከወዲያኛው አልጋ ሆኜ እሰማታለሁ። አንቺን ከኔ ቀጥላ ነው የምትጠራሽ፣ በራስሽ ስም፣ "በሰው አገር ያለችውን ልጄን ጠብቅልኝ" ብላ። ከሄድሽ ጀምሮ አንድም ሌሊት ስትዘልሽ አልሰማሁም።

አርባዋ ነሐሴ 28 ረቡዕ ላይ ዋለ፣ ስለዚህ ዝክሩ የጾም ሆነና ለብቻ ማብሰል ሳያስፈልግ ድንኳን ሙሉ ሰው ከአንድ ድስት በላ። ሳየው አለቀስኩ፣ እሷ ብታየው እንዴት ደስ ይላት ነበር።

ሙት ዓመቷ ግን ዘንድሮ እሁድ ነው የሚውለው፣ ፍስክ ነው፣ የናንተ ድስቶች ይወጣሉ ማለት ነው። በጉን አባትሽ "ከኔ ሌላ ሰው እንዳታስቡ" ብለዋል። ወጡን እኔ እይዛለሁ፣ እናትሽ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ጭስ ውስጥ ላስቀምጣቸው አልፈልግም፣ ጨው የምትቀምሺልኝ አንቺ ነሽ። ፈቃድሽን ካሁኑ ጠይቂ፣ ትኬቱ ሐምሌ ላይ ይወደዳል። ቀኑ እንደታወቀ ደውዪልኝ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

እህትሽ