እማዬ፣ የአባትሽን ፋይል አነበብኩት

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? አዲሱ የግፊት ኪኒን እግሬን አሳበጠው ብለሽኛል። ሐኪሙን ሳታማክሪ እንዳታቆሚው፣ አደራ። እኛ ደህና ነን። ትልቁ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ትንሿ የዋና ምስክር ወረቀቷን አገኘች፤ ለአያቴ ላኩልኝ ብላ ፎቶው ፖስታው ውስጥ አለ።

ሄግ ሄጄ ነበር፤ የኔዘርላንድ ብሔራዊ መዛግብት።

ጃንዋሪ 2025 ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገራችንን ከያዙት ጀርመኖች ጋር ተባብረዋል ተብለው የተመረመሩ የ425,000 ሰዎች ስም ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ዜናውን አብረን ነበር የምናየው። ተነስተሽ ቴሌቪዥኑን ዘጋሽው። እኔ በዚያው ሌሊት የአባትሽን ስም ፈልጌ አገኘሁት። ከእነዚያ ሰዎች ፍርድ ቤት የቀረቡት ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ እንደሆኑ አውቃለሁ። ስም ስለተገኘ ብቻ ሰው ጥፋተኛ አይባልም። የአባትሽ ፋይል ግን ወፍራም ነው።

የኤንኤስቢ፣ የኔዘርላንድ ናዚ ፓርቲ፣ አባልነቱን፣ ዩትሬክት ማሊባን ጎዳና ላይ በፓርቲው ዋና ቢሮ የሠራውን፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔን ያስቆመኝ መሀል ላይ የነበረ አንድ ቅጽ ነው። የዩግድስቶርም፣ የፓርቲው የወጣቶች ማኅበር፣ መመዝገቢያ፣ 1942። ዕድሜ 10። ከአባትሽ ፊርማ ሥር ስምሽ በራስሽ የልጅ እጅ ተጽፏል።

ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ብርቱካናማ አናት ያለው ጥቁር ቆብ፣ የባሕር ወፍ ምልክት። ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ጀርመኖች በ1941 ስካውትን አግደው ስለነበር ዩኒፎርም፣ ድንኳንና መዝሙር የሚወድ ልጅ የቀረለት እሱ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች? በዚህ አልፈርድብሽም።

ግን እኔም አሥር ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ እማዬ። ስካውት ልግባ ብዬ ቅጹን ሳመጣልሽ ቀደድሽው። ለምን ስልሽ በጥፊ መታሽኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እጅሽን አንስተሽብኝ አታውቂም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቼ ተሰልፈው ሲያልፉ በመስኮት አያቸው ነበር። መጀመሪያ ገንዘብ የለንም ማለት ነው አልኩ። ቆይቶ፣ እኔን ስለማታምነኝ ነው አልኩ። ይህን ይዤ ነው ያደግኩት። «እኔንም ዩኒፎርም አልብሰውኝ ነበር» ብትይኝ ይበቃኝ ነበር። በዚያ ዕድሜዬም ይገባኝ ነበር።

ስለ ወንድምሽም «ጦርነቱ ላይ ሞተ» ነበር የምትይን። ጎረቤቶቻችን ጀርመኖች የገደሉት ይመስላቸው ነበር፤ አላረምሻቸውም። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1944፣ «ያበደው ማክሰኞ»፣ እንግሊዞች ደረሱ ሲባል በባቡር ወደ ጀርመን ሸሻችሁ። ሰሜን ጀርመን፣ ሉነቡርግ ሜዳ። ከቤልጂየም፣ ከፍላንደርስ የሸሹትም እዚያ ነበሩ፤ ከእነሱ ልጆች አንዳንዶቹ ከ1943 ጀምሮ በቀጥታ በሂትለር ወጣቶች ስም ይደራጁ ነበር። ወንድምሽን ለፀረ አውሮፕላን መድፍ ወሰዱት። 16 ዓመቱ ነበር። አባትሽ ለመርማሪው በሰጠው ቃል ላይ «ፈቅጄ ፈርሜያለሁ» ይላል። እኔ ጉልበቱ ላይ ተቀምጬ ያደግኩት ሰው።

ከጦርነቱ በኋላ አባትሽን አስረው አንቺን ማሳደጊያ እንዳስገቡሽም አነበብኩ። ያ ሁሉ ደርሶብሽ ማንንም እንድንጠላ አላደረግሽንም። አመሰግንሻለሁ።

የፈራሁት ጥያቄ ግን ይኸኛው ነው። ሴፕቴምበር 1941 ላይ የአይሁድ ልጆች ከሌሎቹ ጋር እንዳይማሩ ተከለከሉ። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ከክፍልሽ ማን ጠፋ? ከ140,000 የኔዘርላንድ አይሁዶች ከ100,000 በላይ ተገድለዋል። አንቺ ገደልሽ አላልኩም። ግን አጠገብሽ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ካለች ስሟን ታስታውሺ ይሆናል። ሜይ 4 ማታ፣ አገሩ ሁሉ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ሲል፣ አንቺ ወጥ ቤት ገብተሽ ሳህን ታጥቢ ነበር። የውሃው ድምፅ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። ማን ትዝ ይልሽ ነበር?

ሌላም አለ። ትንሿ ስካውት ገብታለች። ቅጹ ላይ ስፈርም አባትሽ ትዝ አለኝ፣ ግን ፈረምኩ። ቅዳሜ ሸሚዟን ለብሳ ልትመጣልሽ ትፈልጋለች። ልከለክላት አልፈልግም። በር ላይ ስታያት እንዳትደነግጪ ነው ቀድሜ የምነግርሽ። እባክሽ አትቆጫት።

የደረጃው መደገፊያ መላላቱን እህቴ ነግራኛለች፤ እስካጠብቀው ድረስ ምድር ቤት ተኚ። ረቡዕ ልብ ሐኪሙ ጋ እኔ ነኝ የምወስድሽ፣ ታክሲ እንዳትጠሪ። መንገድ ላይ እጠይቅሻለሁ። ዝም ብትዪ አይከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ ይከፋኛል። ቢሆንም እወስድሻለሁ፣ እመልስሻለሁ። የመድኃኒቶችሽን ዝርዝር ይዘሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ