አንድ ሳምንት ለቦርከና፦ ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በከተማችን በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ጥያቄዬን ከፊት ላስቀምጠው። በመጪው ዓመት፣ ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ ለ7ኛ ክፍል አንድ ሳምንት ልቀቁልን። በዚያ ሳምንት የተለመደው ፕሮግራም ይቁምና ተማሪዎቹ ከሁሉም መምህሮቻቸው ጋር አንድ ጉዳይ ብቻ ይሥሩ። ጉዳዩ ከተማችንን የሚያቋርጠው የቦርከና ወንዝ ይሁን። ሥራቸውም በተከታታይ ምዘና ውስጥ ነጥብ ይያዝለት። በጀት አልጠየቅሁም። (እዚህ ጋ ፋይናንስ ክፍል ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ።)

ሐሳቡን ያጫረብኝ ፊንላንድ ያየሁት ነገር ነው። በአንድ የመምህራን የልምድ ልውውጥ ታምፔሬ የምትባል ከተማ ሄጄ፣ አንድ ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች መሀል ተቀምጬ ነበር። ስለ ፊንላንድ እኛ ጋ የሚወራውን ታውቁታላችሁ። «የትምህርት ዓይነት የሚባል ነገር ሰርዘው ሁሉን ነገር ፕሮጀክት አደረጉት» ይባላል። ውሸት ነው። ሒሳቡም፣ ኬሚስትሪውም፣ ታሪኩም በየሰዓቱ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርታቸው የሚያስገድደው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ብዙ የትምህርት ዓይነቶችን ያጣመረ ሥራ እንዲሠራ ነው። ቢያንስ አንድ። የቀረው ለትምህርት ቤቱ የተተወ ነው። እኔም ከዚያ የበለጠ አልጠየቅኩም።

ልጆቹ በዚያን ሰሞን የያዙት ጉዳይ የራሳቸው ከተማ ውሃ ነበር። ታምፔሬ በሁለት ሐይቆች መካከል ያለች ከተማ ናት። የላይኛው ሐይቅ ከታችኛው 18 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ውሃው ታመርኮስኪ በሚባለው ወራጅ በከተማዋ መሀል እየተንደረደረ ይወርዳል። በ19ኛው መቶ ዘመን በዚህ ውሃ ጉልበት የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ፋብሪካዎቹ ከተማዋን አሳደጉ። ቆሻሻቸው ደግሞ የታችኛውን ሐይቅ አበላሸው። ሐይቁ ያገገመው የፍሳሽ ማጣሪያ ከተሠራ በኋላ ነው። የፋብሪካ ከተማዋን ጎረቤታችንን ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ይሄን ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል?

የሒሳብ መምህሯ ከ18 ሜትር የሚወርድ ውሃ ስንት ጉልበት እንዳለው ታሠራለች። የታሪክ መምህሩ በፋብሪካው ይሠሩ የነበሩ ሕፃናትን ጉዳይ ያነሳል። የቋንቋ መምህሯ ጥያቄ አወጣጥና ቃለ መጠይቅ ታስተምራለች። ሳይንሱ ጋ ውሃ ይቀዳል፣ ይለካል። መጨረሻ ላይ ልጆቹ የሠሩትን የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዘርግተው ነዋሪው እንዲጠይቃቸው አደረጉ። አንድ አዛውንት አንዷን ልጅ «ይሄን ቁጥር ከየት አመጣሽው?» ብለው ያዟት። ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ውሃው የተቀዳበትን ቦታ አሳየቻቸው። እኔ በተማሪዎቼ ላይ ማየት የምፈልገው ይሄንን ነው።

ሁሉም ነገር አማን ነበር ማለቴ አይደለም። ከቡድኑ ሁለቱ ሲሠሩ ሦስተኛው ስልኩን የሚጎረጉርበት አጋጣሚ እዚያም አለ። አገሪቱ ፒሳ (PISA) በሚባለው የ15 ዓመት ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ፈተና የምታመጣው ውጤት እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ እየወረደ በመምጣቱም፣ ራሳቸው ፊንላንዳውያን ልጆች መሠረታዊ ዕውቀት ሳይዙ ለብቻቸው መለቀቃቸውን ይከራከሩበታል። አንድ ሳምንት ብዬ የቆጠብኩት ለዚህም ነው። መደበኛው ትምህርት ይቀጥል።

«እኛም እኮ ፕሮጀክት እንሰጣለን» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። እንሰጣለን። ርዕስ እንጽፋለን፣ ቀን እንቆርጣለን። ልጁ እናቱን ብር ይጠይቃል፣ ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ከጎግል ገልብጦ ፕሪንት ያደርግለታል፣ በሚያብረቀርቅ ሽፋን ይጠረዛል። እኛም ከአሥር ስምንት እንሞላለን። እዚህ ውስጥ የሠራው ኢንተርኔት ቤቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቦርከና። ወንዙ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ የአዋሽ ገባር ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ታምፔሬዎች በ18 ሜትር ያን ሁሉ ሒሳብ ከሠሩ እኛ ጋ ቁጥር አይቸግርም። የጠቅላላ ሳይንስ መምህሩ ልጆቹን ባዶ ሃይላንድ አስይዞ ከከተማው በላይ፣ ከመሀል ከተማና ከከተማው በታች ውሃ ያስቀዳ። ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አቁመው ቀለሙን ያስተያዩ፣ ሽታውን ይመዝግቡ፣ ሊትመስ ወረቀት ከተገኘ ይንከሩ። በኅብረተሰብ ትምህርት ከጦሳ ተራራ ሥር ያደጉ አረጋውያንን ስለ ድሮው ቦርከና ይጠይቁ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሰበሰቡትን ይጻፉ። ላቫጆው ውሃውን የት እንደሚለቀው፣ ፌስታሉ ከየትኛው ገበያ እንደሚመጣ፣ የምንበላው ቆስጣና ሰላጣ በምን ውሃ እንደሚለማ ይወቁ። መልሱን እኔም አላውቀውም፤ መማሪያ መጽሐፉም ውስጥ የለም።

«በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ይዘህ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እዚያ ያየሁት ክፍል ውስጥ ከ20 ብዙም የማይበልጡ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ 60ውንም ወንዝ ዳር አናወርድም። ሁለት ቡድን ውሃ ይቀዳል፣ ሌላው ሰው ያነጋግራል፣ ሌላው ካርታ ይሥላል። ፈረቃ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ያልተጠቀምንበት ዕድል አላቸው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓት ነፃ ነው። ጊዜው ወንዙ የማይሞላበት ጥር ወይም የካቲት ቢሆን ይመረጣል። የወላጅ ፈቃድና ጓንት ግዴታ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚገባ ልጅ አይኖርም።

ከበድ ያለው ጥያቄ የፈተናው ነው። ወላጅም ርዕሰ መምህርም መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። ክልላዊ ፈተና ያለበትን 8ኛ ክፍል ትቼ 7ኛን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ፖርሽን፣ ማለትም የዓመቱን ትምህርት፣ አልጨረሱም ነበር? ብዙዎቹ እንደምንም ተጨርሶላቸዋል። አንድ ሳምንት ቦርከና ላይ ቢውሉ ከዚህ የከፋ ምን ይመጣል?

ከእናንተ የሚያስፈልገን ደብዳቤ ነው። በመጀመሪያ ያ ሳምንት በዓመት እቅዱ ውስጥ እንዲገባና ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «የባከነ ክፍለ ጊዜ» ተብሎ እንዳይመዘገብ የሚያደርግ። ይሄ ካልተጻፈ የትኛውም መምህር አይደፍረውም፤ እኔም አልደፍረውም። ቀጥሎ የ7ኛ ክፍል መምህራን በሳምንት አንድ የጋራ ክፍት ክፍለ ጊዜ እንዲኖረን። ታምፔሬ ውስጥ በጣም የቀናሁት በላፕቶፑ አይደለም። አብሮ ማቀድ እዚያ የመምህሩ የሥራ ሰዓት አካል ነው። እኛ የምንገናኘው ወይ ስብሰባ ላይ ወይ ሻይ ቤት ነው። በመጨረሻም ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ብትጽፉልን፣ ልጆቹ ከቀዱት ውሃ ጥቂቱ እውነተኛ ቤተ ሙከራ ገብቶ ይመረመራል። በ2014ቱ ጦርነት ንብረታቸው ለተዘረፈ ትምህርት ቤቶች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ነጥቡን በተመለከተ፣ ከተከታታይ ምዘናው 10 ነጥብ ቢሰጠው ይበቃል ባይ ነኝ። ግማሹ ለቡድኑ፣ ግማሹ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ቆሞ ለሚመልሰው ጥያቄ። ያኔ ኢንተርኔት ቤቱ አያድነውም።

የሳምንቱን ዝርዝር እቅድ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ጀምረነዋል። የመጪው ዓመት ፕሮግራም ነሐሴ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቀርበን እንድናስረዳ ቀን ቁረጡልን። ከሥራ ሰዓት ውጭም ቢሆን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ የ7ኛ ክፍል መምህር