አባዬ፣ በስልክ ያልመለስኩልህ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ጀምሯል።

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ነገር ልጨርስ። የስኳሩን ኪኒን ግማሽ ግማሽ እያደረግህ እንደምትውጥ ወንድሜ ነገረኝ። "እንዲበረክት ነው" አልከው አሉ። አባዬ፣ እንዲህ ያለ ቁጠባ የለም። ሐኪሙ ያዘዘልህን ሙሉውን ዋጥ፤ ሲያልቅ እኔ አለሁ። እግርህ ላይ የወጣችውንም ቁስል አትናቃት። የስኳር ሰው ቁስል ምን እንደሚያመጣ ለእኛ ቤት ነጋሪ አያስፈልግም።

ልጆቹ ሰላም ይሉሃል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታስቃለች። በቪዲዮ አሳይሻለሁ ብላት "አይሆንም፣ አያቴ ራሱ መጥቶ ይየኝ" ትላለች። ትልቁ በቁመት ሊያልፈኝ ምንም አልቀረው። ኳስ ትቶ አሁን ንባብ ይዟል። በትምህርት ቤት ስለ ሕገ መንግሥት እየተማሩ ነው። ከትናንት ወዲያ ማታ እራት እየበላን "እማዬ፣ አንቺ አሜሪካዊ የሆንሽው ተፈትነሽ ነው። እኔ ግን ምንም ሳልሠራ ነው። ይሄ ፍትሐዊ ነው?" አለኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ ወደ አንተ ነው የሄደው።

ለእሱ የመለስኩለት ለአንተም መልስ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

ባለፈው ስንደዋወል ሬዲዮ ሰምተህ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ አሜሪካ የተወለደ ሁሉ ዜጋ አይሆንም ማለቱን አነሳህ። ከዚያ "እውነቱን ነው። አገር ባለቤት አለው። ዜግነት ችሮታ ነው፤ የሰጠ ይነሳል" አልክ። እኔ ዝም አልኩ። አንተ መስመሩ የተቆረጠ መስሎህ "ሃሎ፣ ሃሎ" ትል ነበር። አልተቆረጠም ነበር።

አባዬ፣ በግማሹ እስማማለሁ። አገር ማን እንደሚገባና ስንት ሰው እንደሚገባ የመወሰን ሥልጣን አለው። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጋምቤላ ባስተማርክበት ዘመን ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ኢታንግ ላይ ሲሰፍር ዓይተሃል። ውሃውም እንጨቱም ለነዋሪው እንዳነሰ ትነግረን ነበር። "የተቀባዩም ሰው ድካም ይቆጠር" ትል ነበር። ልክ ነህ። እንግዳ ተቀበሉ እያሉ የሚሰብኩ ብዙ ጊዜ ራሳቸው የሚቀበሉ አይደሉም።

እኔም እዚህ አገር መግባት መብቴ ነበር ብዬ አላውቅም። ዲቪ ነው የደረሰኝ፤ ዕጣ ነው። አብረውኝ ከሞሉት ጓደኞቼ ለአንዳቸውም አልደረሰም፤ ከእኔ የሚያንሱ ሆነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 በወጣው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያ አሠራር በ1965 ተሻረ። ዲቪ የመጣው በ1990 በወጣው ሕግ ነው። ያ ሁሉ ባይሆን እኔ ዛሬ እዚህ የለሁም። ስለዚህ መግባቱን ችሮታ በለው፤ አልከራከርህም።

የምከራከርህ ከገቡ በኋላ ስላለው ነው። በርህን ለማን እንደምትከፍት የምትወስነው አንተ ነህ። ቤትህ ተወልዶ ያደገውን ልጅ ግን አንድ ጠዋት ተነስተህ "እስካሁን ያኖርኩህ በቸርነቴ ነው" ልትለው አትችልም።

ለልጄ የነገርኩት ታሪክ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባርነት የመጡ ጥቁሮች ዘር ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እዚያው ለተቀበሩ ሰዎች ነው ይህ የተባለው። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያንን ሻረው። በምድሪቱ የተወለደና ለሕጓ የሚገዛ ዜጋ ነው አለ። ይህ የተጻፈው ለለጋስነት አይደለም። ዜግነትን መስጠትና መንሳት በሰው ፈቃድ ሲተው ምን እንደሚደረግበት ስላዩ ነው። የእኔ ልጅ ጥቁር ልጅ ነው አባዬ። ይህ አንቀጽ ለእሱ ጌጥ አይደለም።

ሌላም አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ዎንግ ኪም አርክ የሚባል ወጣት ነበር። ቻይና ደርሶ በ1895 ሲመለስ አትገባም ተባለ። በዚያ ዘመን ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 እዚህ የተወለደ ነውና ዜጋ ነው ብሎ ፈረደለት። የክልከላውን ሕግ ግን አልነካውም። ሕጉ መጥፎ ነበር፤ ለብዙ ዓመትም ቆየ። ፍርድ ቤቱ ግን ሁለቱን ነገር ለየ። የሚገባውን መገደብ አንድ ነገር ነው፤ የገዛ ሰውህን ባዕድ ማድረግ ሌላ ነው። አንተ በስልክ የቀላቀልከው ይህንን ነው።

ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ትዕዛዝም ሲጀምር ዜግነትን ችሮታ፣ ዋጋ የማይተመንለት ስጦታ ይለዋል። የልጆቼን አይነካም፤ ሲወለዱ ግሪን ካርድ ነበረኝ። አብራኝ የምትሠራ ያገራችን ልጅ ግን ጉዳይዋ ገና ስላላለቀ እርጉዝ ሆና በየቀኑ ዜና ስትከታተል ነበር። ፍርድ ቤቶች አገዱት። እገዳውን እስክትሰማ ድረስ ግን እንቅልፍ አልነበራትም። ገና ያልተወለደ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?

እኔ ራሴስ? እኔ የፈተና ዜጋ ነኝ። አምስት ዓመት ኖርኩ፣ ግብር ከፈልኩ፣ መቶ ጥያቄ አጠናሁ፣ ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። በ1926 ዜግነት ያገኘ ፖላንድ ተወላጅ የሆነ ሰዓሊ ነበር፤ ቤይስ አፍሮይም ይባላል። እስራኤል ሄዶ በ1951 ምርጫ ድምፅ ሰጠ ተብሎ ዜግነትህን አጥተሃል ተባለ። ተከራከረ። በ1967 ፍርድ ቤቱ መንግሥት ያለ ዜጋው ፈቃድ ዜግነቱን ሊወስድ አይችልም አለ። አምስት ለአራት ነው የተፈረደው። በአንድ ሰው ድምፅ! እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዜግነታቸውን በማመልከቻ ያገኙ ሰዎችን ፋይል እየመረመሩ፣ አታለው አግኝተዋል የሚሏቸውን እንዲከስሱ ለመንግሥት ጠበቆች መመሪያ ወጥቷል። እኔ የደበቅሁት ነገር የለም። ግን ወረቀቶቼን ሁሉ በአንድ ሣጥን አድርጌ አስቀምጫለሁ። ስጦታ ነው የሚባል ነገር ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ፤ ቅር ብሎኝ የኖረው እዚያ ስለሆነ።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጪ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ደግሞ አንቀጽ 20 ላይ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ይቆጠራል! ማን ጠየቀኝ? አንድም ቀን ኢትዮጵያዊነቴን ትቻለሁ ብዬ ለአገሬ ወረቀት አልፈረምኩም። አሁን ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አለኝ። ያለ ቪዛ እገባለሁ፣ መሥራት እችላለሁ፤ አልመርጥም፣ አልመረጥም። ሕግ ነው፣ እቀበለዋለሁ። ሕጉ አንድን ሰው አንድ አገር ይበቃዋል ካለ ምክንያት ይኖረዋል። አዋጁ የሚያውቀው ደም እንጂ አፈር አይደለም። ጋምቤላ መጠለያ ውስጥ ተወልዶ ሌላ ምድር ረግጦ የማያውቅ ልጅ በዚህ ሕግ ባዕድ ነው። አንተ ስለ እነዚያ ልጆች ስታወራ ግን ድምፅህ ይለሰልስ ነበር። "የት ነው የሚሄዱት?" ትል ነበር። እኔ ያንን አባት ነው የማውቀው።

ሕጉን ችዬዋለሁ። ያንተን ግን አልቻልኩትም።

የእማዬ አርባ ወጥቶ ቤተ ዘመዱ ስለ ቤቱና ስለ ሐውልቱ ሊነጋገር ሲቀመጥ እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንተ በአጎቴ ፊት "አንቺ ዜግነትሽን ጥለሽ ሄደሻል። ይሄ የእኛ ጉዳይ ነው" አልከኝ። አጎቴ አቀረቀረ። ወንድሜ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የእናቴ ሐውልት ላይ ምን እንደሚጻፍ እኔ ሳልኖር ተወሰነ። ኀዘን ነው፣ ያልፋል አልኩ። አላለፈም። ባለፈው በስልክ "የሰጠ ይነሳል" ስትል የሰማሁት ያንኑ ቃል ነው።

ለምን እንደማልኩ ታውቃለህ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እናት አባቱን ማምጣት አይችልም። ዜጋ ይችላል፤ ለወላጅ ደግሞ የኮታ ወረፋ የለም። ለእማዬ ብዬ ጀመርኩት። ለእሷ አልደረሰም። አንተም ይህን እያወቅህ ነው በሰው ፊት ያን ያልከው።

ማመልከቻህ ከጸደቀ ቆይቷል። ዝም ባልን ቁጥር ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል። ሕጉ ሁልጊዜ እንዲህ ይቀጥላል ብዬም አልተማመንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ወላጆችን ከዚህ መስመር የሚያወጣ ረቂቅ ለሴኔቱ ቀርቦ ነበር። ያኔ አላለፈም። ነገ እንደማያልፍ ማን ያውቃል?

"ባዕድ አገር አልቀበርም" እንደምትል ወንድሜ ነግሮኛል። ይህን ለእኔ ስላላልከኝ እኔም አንስቼው አላውቅም። አሁን ላንሳው። እዚህ ብትሆንም፣ እዚያ ብትሆንም፣ የምታርፈው ከእማዬ ጎን ነው። እኔ አደርገዋለሁ። ቃሌ ነው። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር መጻፍ አልችልም።

ማንም ማል አይልህም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ፓስፖርቱ ያው ነው፤ ኢትዮጵያዊ እንደሆንክ ትቆያለህ። የሚያሳስበኝ ሕክምናው ነው። የመንግሥቱን የአዛውንት ኢንሹራንስ ገንዘብ ከፍሎ ለመግባት እንኳ አዲስ የመጣ ሰው አምስት ዓመት መኖር አለበት። እስከዚያ የግል ኢንሹራንስ እገዛለሁ፤ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ይቻለኛል። ከአንድ ዓመት በላይ ወጥቶ መቆየት ካርዱን ስለሚያበላሽ፣ ክረምቱን እዚህ፣ በጋውን እዚያ እናደርገዋለን።

ለእማዬ ሰባት ዓመት በጥር እመጣለሁ። ቤተ ዘመዱ ሲሰበሰብ እኔም እቀመጣለሁ። ተነሺ ብትለኝ አልነሳም። የአንተና የእሷ ልጅ ነኝ፤ ይሄ በማንም ፈቃድ የሆነ አይደለም። ያን ቀን ያልከውንም አጎቴ ባለበት እንድታነሳልኝ እፈልጋለሁ። በስልክ አይሆንም።

ከዚያ በፊት የልደት ሰርተፍኬትህን ከወሳኝ ኩነት አውጣ። ስምህ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል እንዳይለያይ አደራ፤ በአንድ ፊደል ሰው ይመልሳሉ። የፖሊሱንም ማስረጃ ጀምሩት። ወንድሜ ማክሰኞ ሥራ የለውም፣ አብሮህ ይሄዳል። ፎቶውን መነጽርህን አውልቀህ ተነሳ፤ በመነጽር አይቀበሉም።

ልጅህ